ከሂርማታ የተላከ አቤቱታ

ለግርማዊ ጃንሆይ።
ጉዳዩ፦ ምሕረት ስለ መጠየቅ።

ይህ አራተኛው ነው፤ ሦስት ወረቀት ፈጀሁ፤
አንድ ዐረፍተ ነገር ቀና እስኪልልኝ ድረስ ክረምቱን አረጀሁ።
የመጀመሪያውን በግዕዝ ጀምሬ፣
ፀሐይና ጨረቃ በስምዎ ደርድሬ፣
ሳነበው መሰለኝ፣ ቀንዱን ቅቤ ቀብተው
ለገበያ የነዱት የደከመ በሬ።
ሁለተኛው ላይ "ለድኻ ነው" ብዬ ዋሸሁበት፤
ሦስተኛውን ዝናብ፣ በሣር ጣራው ሾልኮ፣ እሱው ፈረደበት።

ሐሙስ ሐሙስ፣ ጃንሆይ፣ ገበያው ሲደራ፣
ሂርማታ ላይ፣ ከማር እንስራው ጥግ፣ ከበርጩማው ተራ፣
በሃምሳ ሳንቲም ሒሳብ የሰው እሮሮ መጻፍ፣ ይኸው ነው የኔ ሥራ።
በቅሎው ለጠፋበት፣ ድንበሩ ለተገፋ፣
ሚስቱ ለሄደችበት፣ ወንድሙ ለከፋ፣
"ምሕረት" የምትለውን ቃል እየመዘንኩኝ ቸርችሬያታለሁ፤
ዛሬ ለራሴ ስሻት፣ ሙዳዩን ብገለብጥ፣ ባዶ አገኘሁ።

ክህነቴን ገፈው ሲሸኙኝ፣ "አባ" መባል ቀረ፤
ደጀ ሰላሙ ላይ ስሜ ራቁቱን አደረ።
እዚህ ስደርስ ግን፣ ጃንሆይ፣ ወንድ ሁሉ አባ ነው፦
አባ ጨብሳ አናጢው፣ አባ ዱራ ጫኚው፣
ፍየል የሚነዳው ጎረምሳ ሳይቀር "አባ" የሚሉት አለው!
እኔን ግን "አምኃ" ይሉኛል፤ በቃ፣
እንደ ገበያ ዕቃ።

ያስጠጉኝ አባ ጨብሳ እስላም ናቸው፤ ጎህ ሳይቀድ ለሶላት ሲነሡ፣
በበርጩማ እግር ግድግዳዬን ይመታሉ፦ "ያንተስ፣ አምኃ? የታል እሱ?"
ብዙ ንጋት ዝም አልኳቸው።
አንድ ማለዳ፣ አዌቱ ሞልቶ ሲጮህ፣ የመጣልኝ ጸሎት
አንድ ስም ብቻ ነበር። እሱን ነው የምጽፍልዎት።

እውነቱ ይኸው፤ ራብም አልነበረ፣ ድኻም አልነበረ፤
የብሩ ጽዋ በኔው እጅ ነው ተወስዶ ከአረብ ሱቅ ያደረ።
ካባ አማረኝ ለጥምቀት፤ ሐምራዊ ከፋይ፣ በወርቀ ዘቦ የተጠለፈ፣
ዓይንዎ እንዲያርፍብኝ።
አረፈ።
ለአጋፋሪው ዘንበል ብለው "ይህ ማነው?" አሉ፤ ሰማሁ፤
በነዚያ ሁለት ቃላት ስንት ወር ሰከርሁ።
"ይህ ማነው?" ላሉት፣ ጃንሆይ፣ መልሱ ዘግይቶ መጣ፦
ሌባ ነበር፣ ካባ ለብሶ፣ ከመቅደስ የወጣ።

ሳጥኑ ባዶ ሲገኝ ቁልፉ ከዲያቆኑ ኪስ ነበር፤ እኔው ነኝ የሰጠሁት፤
"ያዝልኝ" ብዬ። "እሺ አባቴ" አለ፤ ወህኒ አስገባሁት።
ስሙ ልሳነ ወርቅ ነው። ምላሱ ወርቅ ሆኖ፣ ሁሉን ዐውቆ፣
አልተናገረም፤ ተቀመጠ የኔን ኃጢአት ታጥቆ።
እኔን "በቸልታ" ብለው ጅማ ላኩኝ፤ እሱን በሰንሰለት፤
ይኸው ስድስተኛ ክረምቱ፣ ጢሙ እዚያው በቀለበት።

እንግዲህ ልለምን። ክህነቴን አይመልሱልኝ፤ ወደ መዲናው አያስገቡኝ፤
ሰንሰለቱን ከእግሩ ፈትተው ለኔ ይላኩልኝ።
ወህኒው ሩቅ ነው ካሉም፣ የጅማው ይበቃኛል፤
ለእስረኞቹ እጽፋለሁና ዘበኛው ያውቀኛል።

የካባውን ዘቦ ተርትሬ ሸጬ ቴምብሩን ገዛሁ፤
በቀረው ከፋይ፣ ዝናቡ እንዳይደርስበት፣ ይህን ጠቀለልሁ።
ሻግቷል፤ ይሸታል፤ አጋፋሪው ሊጥለው ይቃጣ ይሆናል፤
አይጣል፣ ጃንሆይ፤ ከዚያ ጽዋ የቀረው እሱ ነው፤ እጅዎ ገብቷል።

የቀድሞው ቄሰ ገበዝ (ይህን ሰርዤዋለሁ)
አምኃ ጽዮን፣
ጅማ።